ምስሉ ከእኔ፣ ድምፁ ከጎረቤት

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ያችን ወንበር ሳብ አድርጓት፤ እግሯ ትንሽ ይወላገዳል እንጂ ሰው አትጥልም። ስልካችሁንም ለአንድ አፍታ በደረቱ አስተኙት። የማጫውታችሁ የፊልም ወሬ ነው። ፊልሙን አላየነውም ብላችሁ አትስጉ፤ እኔም ብሆን ያየሁት ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ከሰው ቤት ነበር የሚመጣልኝ።

እንደምታውቁት እኔ የሆቴል ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። የማላውቀው ሰው የሚተኛበትን አንሶላ፣ የማላውቀው ሰው ለሰርጉ የሚለብሰውን ሸሚዝ ስተኩስ ዕድሜዬ አለቀ። ጡረታ ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቴ ቀድሞኝ አርፏል። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የከባድ መኪና ሾፌር። በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ዕቃ ይፈልጋል፣ ዕቃውን የሚያመላልሰው ደግሞ የእኔ ልጅ ነው፤ ስለዚህ በዓሉን የሚያከብረው መሪ ጨብጦ ነው። «እማዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል። «መንገዱን ያቅናልህ» እለዋለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ብቸኝነት በአዘቦት ቀን እምብዛም አይከብድም። ሰው ሁሉ በየሥራው ነው፤ ማንም ከማንም ጋር የለም። ገና ሲቃረብ ግን ነገር ይለወጣል። የሱቁ መስኮት ሁሉ በመብራት ይንቦገቦጋል፣ ሰው በሁለት እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ ደረጃው ላይ የእንግዳ ጫማ ይንኳኳል። ጫማው ወደ እኔ በር ይመጣና፣ አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ይቺ ጠባብ ክፍሌ ትሰፋብኛለች። ጠባብ ቤት ሲሰፋ ደስ አይልም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስፋት ደስ አይልም፣ ልጆቼ።

በዚህ ምክንያት ነው የገና ፊልም ወዳጅ የሆንኩት። አንድ ቻናል አለ፤ በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ጀምሮ በየአመሻሹ የገና ፊልም ያሳያል። አንዱ ከአንዱ ብዙም አይለይም። የተጣላ ይታረቃል፣ የጠፋ ውሻ በዋዜማው በር ላይ ቆሞ ይገኛል፣ ኩሩው ሀብታም መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮበት ድሃ ቤት ያድራል። ልጄ ይስቅብኛል።

«እማዬ፣ መጨረሻውን እያወቅሽው ምን ያጓጓሻል?»

«አንተስ መንገዱን እያወቅከው ትነዳ የለም እንዴ?» እለዋለሁ።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ገና ሳይገባ፣ ቴሌቪዥኔ ዲዳ ሆነ። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን ጭራሽ። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ልክ እንደ ዓሣ። ጠጋኙን ጠራሁ። ጀርባዋን ፈታ፣ ባትሪ አበራባት፣ አቧራዋን እፍ አለና «እማማ፣ ለዚች ዕቃ መለዋወጫ የሚሠራው ፋብሪካ ራሱ ሳይሞት አይቀርም» አለኝ። ልጄ አዲስ እገዛልሻለሁ አለ፤ እሺ፣ ስትመጣ አልኩት። እሱ መንገድ ላይ ነው።

ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? በዚያው ምሽት ዲዳዋን ቴሌቪዥን ከፍቼ ዝም ብዬ ሳይ፣ ሴትዮዋ በሩን በርግዳ ስትገባ፣ «አንተ ነህ እንዴ!» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ወጣ። ደነገጥኩ። ቀጥሎ ሙዚቃው መጣ። ከዚያ የሰውየው ሳቅ። ለካስ ጎረቤቴም ያንኑ ፊልም ነው የሚያዩት!

እኚህ ጎረቤቴ በሕንፃው ሰው አፍ ጋሽ ነጎድጓድ ይባላሉ። የቆርቆሮ ሠራተኛ ነበሩ፤ ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የጣራ አሸንዳ ቀጥቅጠው ነው ልጅ ያሳደጉት። መዶሻው በምላሹ ጆሯቸውን ወሰደ። ስለዚህ ቴሌቪዥናቸውን ሲከፍቱ ሕንፃው ይሰማል። ምስኪን ግድግዳችን ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይባላል።

እንግዲህ ሁሉም ሰው በእሳቸው ጩኸት ሲማረር፣ እኔ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ምስሉ ከእኔ፣ ድምፁ ከጋሽ ነጎድጓድ። እንዲህ ሆነን ስንት ገና አሳለፍን! ሥርዓቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ እንጂ እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።

ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሙያ ይጠይቃል። በመጀመሪያ የእሳቸው ቴሌቪዥን ከእኔዋ ትንሽ ይቀድማል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ይቀድማል። ስለዚህ ቃሉ መጥቶ አፉ ኋላ ይከተላል። ሰውየው ሳይወድቅ «ወይኔ!» ሲል እሰማለሁ፣ ከዚያ ይወድቃል። የሴትየዋ ፊት ገና ፈገግ ብሎ ሳለ ለቅሶዋ ይደርሰኛል። ይህን ከለመዳችሁት ችግር የለውም፤ እንዲያውም እንባዬን አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ።

ክፉው ነገር ቻናል ሲቀይሩ ነው። አንድ ቀን ሙሽሪት በነጭ ቀሚስ ቆማ፣ ቃል ልትገባ አፏን ስትከፍት፣ «ጎ...ል!» የሚል ወንድ ድምፅ ከአፏ ወጣ። ሙሽራው ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያየ «ዳኛው ሌባ ነው!» አላት። ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ሪሞቴን አንስቼ፣ እሳቸው የሄዱበትን ቻናል በዳበሳ ፈልጌ፣ ኳሱን አብሬያቸው አየሁት። ምን ይደረግ፣ የባለድምፁ ምርጫ ነው።

ከሁሉ የምወዳት ግን በገና ዋዜማ አመሻሽ ላይ በየዓመቱ የምትታየውን ፊልም ነው። ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች የሟች እናታቸውን ቤት ሊሸጡ ከየአገራቸው ይመጣሉ። በረዶ በሩን ይዘጋባቸዋል። እሳት የሚነደው አንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይወዱ በግድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዲት ነገረኛ ዳክዬ ደግሞ አለች፤ እየገባች ጌጡን ሁሉ ትበላባቸዋለች። በቃ ይኸው ነው። እኔም እህት ነበረችኝ፤ የሷን ነገር ሆድ ይፍጀው።

እንዲህ ስንኖር፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ምሬቷ ገነፈለ። አትፍረዱባት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ልጅ ናት፣ ጋሽ ነጎድጓድ ደግሞ ዜናውንም በቀን በዚያው ድምፅ ነው የሚያዩት። ለልጃቸው ደወለችላት። ልጅየዋ ሌላ ከተማ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ናት፤ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው መጣች። ለአባቷ ትልልቅ፣ ጆሮን ድፍን የሚያደርግ ማዳመጫ ገዛችላቸው። ከዚያ በየቤቱ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች። እኔም በር ላይ መጣች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ግድግዳ የሚጋሩት እርስዎ ስለሆኑ ከሁሉም በላይ የተጎዱት እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም!»

«አይ፣ አውቃለሁ። ዝም ብለው ችለው ነው።»

«እውነቴን ነው የምልሽ። ድምፁን እንዲያውም እወደዋለሁ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ዓይነት ደግ ሰው በዚህ ዘመን ይገኛል?» ብላ እጄን ሳመችው። «ከዛሬ ጀምሮ ኮሽ አይልብዎትም። ቃሌ ነው።»

እኔ እወደዋለሁ ባልኩ ቁጥር እሷ ይበልጥ ደግ ታደርገኛለች። ምን ልበላት? የአባትሽን ድምፅ እየሰረቅኩ ፊልም አይበታለሁ ልበላት? አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልጅየዋ ጉንጬን ስማ ሄደች፤ በማግስቱም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በዚያች አመሻሽ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቴሌቪዥኔን ከፈትኩ። በረዶ ይወርዳል፣ ሰዎች ይተቃቀፋሉ። ጸጥ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቀዝቃዛ ቀለም ብቻ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንሽ አየሁና አጠፋኋት። የራሴ ሰዓት ስትቆጥር ያን ዕለት ሰማኋት፤ እንዲህ ትጮኻለች ብዬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ነጎድጓድን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ነው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን ቀደሙኝ፤ የደነቆረ ሰው እንደሚያወራው ነው የሚያወሩት፣ ታች ቤት ድረስ ይሰማል።

«ጎረቤቴ! ዘንድሮ እረፍት አገኙ አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ግድ የለም፣ አይሸፋፍኑልኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ስቀጠቅጥ ሰፈር አደነቆርኩ፣ ጡረታ ወጥቼ ደግሞ ሕንፃ አደነቆርኩ። ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር፣ አላወቅኩም መስሎዎት? አሁን ግን ይመስገን፣ ማንንም አላስቸግርም።» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሹክ የሚሉ መስሏቸው፣ በሙሉ ድምፃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ነርሷ ዛሬ ጠዋት ሳቀችልኝ! ጥርስ አላት ለካ!»

ከላይ በር ሲዘጋ ሰማሁ። እሳቸው አልሰሙም። ፊታቸው እንደ አዲስ ባልዲ ያበራል። በዚህ ደስታ ላይ ውሃ የምቸልስ እኔ ማን ነኝ? «እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ መንገድ ለቀቅኩላቸው።

ዋዜማው ደረሰ። ልጄ ደወለ፤ መንገድ ላይ ነው። «ፊልምሽን እያየሽ ነው እማዬ?» አለኝ። «ልጀምር ነው» አልኩት። ስልኩ ሲዘጋ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የእህትማማቾቹ ፊልም ትንሽ ቆይቶ ይጀምራል። ያችን ፊልም፣ ሰዎቿ እንደ ዓሣ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ፣ ላያት አልፈልግም። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊልሙ ብቻ አልነበረም የቀረብኝ። ሰው በሚስቅበት ሰዓት አብሬ መሳቄ ነው የቀረብኝ።

ተነሳሁ። ዘሎ መግባት ደስ አይልም፤ ሽማግሌ ብቻውን የሚኖርበትን ቤት፣ ባልቴት ስታንኳኳ ሰው ምን ይላል? ይበል! ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ካውያዬን አሙቄ ሻሼን ተኮስኩት፣ የአንገት ልብሴንም ተኮስኩት። መተኮስ ያረጋጋኛል። የምናገረውንም አጠናሁ፦ «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኔ ድምፅ የለውም፤ ይቺን ፊልም አብረን ብናያትስ?» አጭር ነው። ሰው የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ወጥቼ አንኳኳሁ። ዝም። ጠንከር አድርጌ አንኳኳሁ። ከውስጥ የጋሽ ነጎድጓድ ድምፅ ይሰማል፤ ያወራሉ። እንግዳ አላቸው ብዬ ልመለስ ስል ነርሷ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ከላይ ወረደች።

«እማማ፣ በከንቱ ነው የሚደክሙት። ያ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ከዋለ በሩ ቢነቀልም አይሰሙም። ምን ነበር? ችግር አለ?»

«የለም... እንዲያው ነው። እንግዳ አላቸው መሰለኝ። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከሚስታቸው ጋር ነዋ። በዋዜማ ምሽት እንዲህ ያወሯቸዋል።»

«ሚስታቸው ሞተዋል ይባል የለም እንዴ?»

«ሞተዋል። እርስዎ እዚህ ከመግባትዎ በፊት። ሴትየዋ በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ የሰውየው ጆሮ ደግሞ ያው ነው። ታዲያ ፊልም ሲያዩ እሳቸው የሚታየውን ይነግሯቸዋል፣ ሴትየዋ የሚባለውን በጆሯቸው ይደግሙላቸዋል። ሁለቱ ተደምረው አንድ ደህና ሰው ይወጣቸው ነበር። ድምፁ ጣራ የነካው ሴትየዋ ካረፉ በኋላ ነው። የሚደግምላቸው የለማ።»

«ለልጃቸው ስትደውዪ ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?»

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «እኔም እንቅልፍ አለኝ እኮ፣ እማማ» አለች። እውነቷን ነው። ልጅቷ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ክንዴን ነካ አድርጋኝ፣ «መልካም በዓል» ብላ ወረደች።

እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አስቡት እንግዲህ፤ ስንት ዓመት ግድግዳ ስንጋራ የሰማሁት የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንጂ የሰውየውን አልነበረም። ጩኸቱ ነበር የሸፈነብኝ። ከእሳቸው የማውቀው ሳቅና ሳል ብቻ ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው ሰውየው የተሰሙት።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ቴሌቪዥኔን ከፈትኩ። ፊልሙ ጀምሯል።

«ትልቋ መጣች» ይላሉ ጋሽ ነጎድጓድ ከማዶ። «ሻንጣ ይዛለች። አረንጓዴ ኮት ነው የለበሰችው፣ አንቺ የምትወጂው ዓይነት አረንጓዴ። ተኮሳትራለች።»

ትንሽ ቆይቶ በእኔዋም ቴሌቪዥን ባለ አረንጓዴ ኮቷ ገባች። ተኮሳትራለች።

«በረዶው መስኮቱ ድረስ ደረሰ። ነጭ ብቻ፣ ምንም አይታይም። ውይ፣ ያቺ ዳክዬ! መጣችልሽ ደግሞ! ቀዩን ሪባን ጎርሳዋለች።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ልብ አላችሁ? የማየውን ነው የሚነግሩኝ። ኮቱንም፣ በረዶውንም፣ ዳክዬዋንም እኔ አያለሁ። የጎደለኝ ቃሉ ነው፤ እሱን ደግሞ በማዳመጫው ውስጥ ይዘውታል። ሁለቱ እህትማማቾች እሳቱ ፊት ተቀምጠው ማውራት ሲጀምሩ፣ ጋሽ ነጎድጓድ «ቆይ፣ አሁን ሊነጋገሩ ነው፤ ስሚ» ይሉና ዝም ይላሉ። እኔም ግድግዳው ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ። ስሚ ይሉኛል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

መጀመሪያ አጥፍቼ ልተኛ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ትልቋ እህት አፏን ስትከፍት፣ ምን እንደምትል አወቅሁት። ስንት ገና ሰምቻታለሁ! «ስትታመም ለምን አልነገርሽኝም?» ነው የምትለው። አልኩት። ድምፅ አውጥቼ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ፣ እንደሷ ቆጣ ብዬ አልኩት። ትንሿ መለሰች፤ እሷንም እኔው አልኳት፦ «ደውዬልሽ ነበር። አላነሳሽም።»

ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። ከልጄ ስልክ ውጪ፣ በገዛ ቤቴ፣ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«አሁን እጇን ያዘቻት» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

«እናታችን እኮ ሁለታችንንም ትጠብቅ ነበር» አልኩ እኔ፣ በትልቋ ፈንታ።

«እያለቀሱ ነው። ሁለቱም። ትልቋ በእጅጌዋ ታብሳለች፣ መሐረብ እንኳ አልያዘችም።»

«ቤቱን አንሸጠውም» አልኩ።

እስከ መጨረሻው እንዲህ ሄድን። የዘነጋሁት ቦታ ሲመጣ ከራሴ ጨመርኩበት፤ እህትማማቾቹም አልተቀየሙኝም። እሳቸው የሚታየውን፣ እኔ የሚባለውን። እሳቸው እኔን አይሰሙም። የሚያወሩትም ለእኔ አልነበረም። እኔም ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ቃል ሳላስቀር አልኩት፤ አንዳንዴ ለእህትማማቾቹ፣ አንዳንዴ ለእኚያ ለማላውቃቸው ሴት፣ አንዳንዴም ለራሴ እህት።

በረዶው ቀልጦ በሩ ተከፈተ። ሙዚቃ የሚመጣበት ቦታ ነው፤ ሙዚቃውን አላንጎራጎርኩትም።

«አለቀ» አሉ ከማዶ። ቀስ ብለው፣ ለእሳቸው ቀስ በሚባለው ልክ። «ታረቁ። ደስ አለሽ?»

ጥቂት ጠበቅኩ፣ ምናልባት እሳቸውም ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ «ደስ አለኝ» አልኩ።

ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ሰማሁ፣ መብራቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ውጭ መንገዱ ላይ ሰዎች «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባባሉ ያልፋሉ። እኔም ቴሌቪዥኔን አጠፋሁና ሻሼን አጥፌ አስቀመጥኩ፤ ለሰው ቤት የተተኮሰ ሻሽ፣ ለሰው ቤት ሳይደርስ።

ይኸው ነው ልጆቼ። በሩን በማግስቱ ደግሜ አንኳኳሁ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የዚያን ዕለቷን አመሻሽ ብቻዋን ተዉልኝ። አንድ ነገር ግን ለእኔ ስትሉ ያዙልኝ። በገና ሰሞን ከወዳጅ ዘመድ ጋር ተሰብስባችሁ ፊልም ስታዩ፣ ስትሳሳቁ፣ ከግድግዳው ማዶ ወንበሩን ያስጠጋ ሰው ሊኖር ይችላል። እሱን አስታውሱት። እኔንም፣ ጊዜ ካላችሁ።